በባሕር ላይ የሚሰፈር አማና

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረቡ ንግግሮች የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ስለ ገበያ ሥነ ምግባር ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የሚታወሰን የባለ ሱቁ ሚዛን፣ የእህል ነጋዴው ቁና፣ የጨርቅ ሻጩ ሜትር ነው። ዛሬ ግን ከዓይናችን ርቆ፣ በባሕር ላይ ስለሚከናወን አንድ ታላቅ ስፍር እንነጋገራለን። ይኸውም ነዳጅና የምግብ ዘይት በመርከብ ተጭነው ሲመጡ እንዴት እንደሚለኩና እንዴት እንደሚመረመሩ ነው።

«ይህ የመርከበኞች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሀገራችን ወደብ የላትም። አብዛኛው ነዳጃችን በጅቡቲ በኩል፣ ዶራሌ ከሚገኘው የነዳጅ ተርሚናል በቦቴ እየተቀዳ የሚገባ ነው። ጤፉን ወደ ገበያ የሚያደርሰው አይሱዙ፣ ልጆቻችን የሚሳፈሩበት ታክሲ፣ በገጠር እህል የሚፈጨው ወፍጮ ሁሉ የሚንቀሳቀሱት አንድ ቀን በመርከብ ታንክ ውስጥ በነበረ ናፍጣና ቤንዚን ነው። መርከብ ላይ የጎደለ ነገር መርከብ ላይ አይቀርም። ዋጋ ሆኖ ጓዳችን ይገባል።

ስፍር በቁርኣን

አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ውስጥ አንድ ሱራ በሙሉ በስፍር አጉዳዮች ስም እንዲጠራ አድርጓል፤ ሱረቱ አል-ሙጠፊፊን። የሱራው መክፈቻ ለራሳቸው ሲቀበሉ አሟልተው የሚሰፍሩትን፣ ለሌላው ሲሰጡ ግን የሚያጎድሉትን ሰዎች በብርቱ ያስጠነቅቃል። ከዚያም ወዲያው የቂያማን ቀን ያስታውሳቸዋል። የነቢዩላህ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች የሆኑት የመድየን ሰዎች ከተገሠጹባቸው ጥፋቶች አንዱ ስፍርና ሚዛንን ማጉደላቸው ነበር። በአንጻሩ ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብጽ የእህል ጎተራ ኃላፊ በነበሩ ጊዜ ለወንድሞቻቸው ስፍርን አሟልተው መስጠታቸውን ቁርኣን ይነግረናል።

የተፍሲር ዑለሞች «ሙጠፊፍ» ስለሚለው ቃል የሚሰጡት ማብራሪያ ለዛሬው ርዕሳችን ቁልፍ ነው። ቃሉ የመጣው ጥቂት፣ ኢምንት የሚል ትርጉም ካለው ሥር ነው ይላሉ። ስፍር አጉዳይ ጎተራ ሰብሮ አይዘርፍም። ከያንዳንዱ ስፍር ላይ ማንም ልብ የማይላትን ጥቂት ነገር ነው የሚቀንሰው። ታዲያ ይህች «ጥቂት» የምትባል ነገር በመርከብ ላይ ስትሆን ምን ያህል እንደምትገዝፍ ወደፊት እናያለን።

እስላማዊው ሥልጣኔ ይህን መመሪያ በቃል ብቻ አልተወውም። በየከተማው ገበያውን የሚቆጣጠር ሙሕተሲብ የሚባል ሹም ይመደብ ነበር። ከሥራዎቹም አንዱ ሚዛንና መስፈሪያን መመርመር ነበር። በኡመውያ ዘመን፣ በኸሊፋ ሂሻም ቢን ዐብዱልመሊክ ጊዜ፣ የግብጽ የገንዘብ ኃላፊ የነበሩት ዑበይዱላህ ቢን አል-ሐብሓብ ስማቸው የተጻፈባቸው የመስታወት ማኅተሞች በመስፈሪያ ዕቃዎች ላይ ይለጠፉ ነበር። ማኅተሙ ዕቃው ልኩ የተሟላ መሆኑን ይመሰክራል። ከእነዚህ መስፈሪያዎች መካከል ለወይራ ዘይት የተሠሩ ይገኙባቸዋል። ማኅተሞቹ እስከ ዛሬም በቤተ መዘክር ይታያሉ። እንግዲህ ፈሳሽን በታመነ መስፈሪያ መስፈር ለሙስሊሞች አዲስ ነገር አይደለም።

ሻጭ፣ ገዢና በመካከላቸው ያለው ሰው

ነዳጅ የሚጭን መርከብ ውስጡ እንደ አንድ ትልቅ በርሜል አይደለም። በግድግዳ ተከፋፍሎ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ብዙ ታንኮች አሉት። መካከለኛ የሚባለው የተጣራ ነዳጅ ጫኝ መርከብ እንኳ ከ30,000 እስከ 50,000 ቶን ድረስ ይጭናል። ይህ ሁሉ ንብረት በሚዛን ላይ ወጥቶ አይመዘንም። የሚለካው በቁመት፣ በሙቀትና በሒሳብ ነው።

ሻጩ በአንድ ሀገር፣ ገዢው በሌላ ሀገር ነው። የመርከቡ ባለቤት ሌላ፣ መድን ሰጪውም ሌላ ነው። ገዢው ንብረቱ ሲጫን ቆሞ አያይም። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ገለልተኛ መርማሪ ይቀጠራል። ብዙ ጊዜም ክፍያውን ሻጭና ገዢ እኩል ይካፈሉታል፤ የአንዱ ወገን ሰው እንዳይሆን ነው። የሚሊዮኖች ብር ክፍያ የሚፈጸመው ይህ ሰው በሚፈርምበት ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ነው። በእኛ ቋንቋ እርሱ የሁለት ሰዎችን አማና የተሸከመ ሰው ነው።

ከመጫኑ በፊት

የመርማሪው ሥራ የሚጀምረው ጭነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ታንኮቹ ባዶ፣ ደረቅና ንጹሕ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ከባለፈው ጉዞ የተረፈ ነገር ካለ መጠኑን ለክቶ ይመዘግባል። አለበለዚያ አሮጌው ትርፍ አዲስ ጭነት ሆኖ ሊቆጠር ይችላልና። ከመርከቡ መኮንኖችና ከወደቡ ሠራተኞች ጋርም ተሰብስቦ የሥራውን ቅደም ተከተል ይስማማል። ከባሕር ዳር እስከ መርከቡ የተዘረጋው ቧንቧ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ የሚለው ሳይቀር ይጠየቃል። ረጅም ቧንቧ በውስጡ ብዙ ሺህ ሊትር ይይዛልና ባዶውን ቧንቧ የሞላው ነዳጅ «ጠፋ» እንዳይባል ነው።

ጭነቱ የምግብ ዘይት ሲሆን ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። «ይህ ታንክ ከዚህ በፊት ምን ጭኖ ነበር?» የሚል ነው። ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚነሳው የፓልም ዘይት በእንዲህ ዓይነት መርከቦች ወደ ዓለም ይሠራጫል። ፎስፋ የሚባለው መቀመጫውን ለንደን ያደረገ የዘይትና የቅባት ንግድ ማኅበር ከምግብ ዘይት በፊት መጫን የሌለባቸውን ጭነቶች በዝርዝር ደንግጓል። ይህ ለጤና ሲባል የተደረገ ነው። ለሙስሊም ገዢ ግን ጥያቄው ከጤናም ያልፋል። ትናንት የአሳማ ስብ የጫነ ታንክ በደንብ ሳይታጠብ ዛሬ ዘይት ቢጫንበት፣ ዘይቱ ጓዳችን ሲደርስ ማን ያውቃል? የሐላል ጥንቃቄ ከሥጋ ቤት በር ላይ ብቻ እንደማይጀምር ይህ ያሳየናል።

ቁመቱ እንዴት ይለካል?

ጭነቱ ታንክ ከገባ በኋላ መርማሪው የሚለካው ብዙ ጊዜ የፈሳሹን ጥልቀት ሳይሆን ከላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ነው። በታንኩ አናት ላይ ከተወሰነ ምልክት ተነስቶ እስከ ፈሳሹ ገጽ ያለው ርቀት ኡሌጅ ይባላል። ባዶው ከታወቀ ሙላቱ ይታወቃል። ጀሪካን ስንሞላ ከአፉ በታች ስንት ጣት እንደቀረው አይተን የገባውን እንደምንገምተው ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ግምት አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ታንክ በየትኛው ቁመት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚይዝ አስቀድሞ የተሰላበት ሠንጠረዥ አለው።

መለኪያው እንደ ድሮው ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት የብረት ሜትር ሊሆን ይችላል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ግን በሽቦ ወደ ታች የሚወርድ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ፈሳሹን ሲነካ ይጮኻል፣ ሙቀቱን ይናገራል፣ ውሃ ሲያገኝም ድምፁን ይቀይራል። አንድ ጊዜ ለክቶ መሄድ አይበቃም። ንባቡ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ በጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ውስጥ መስማማት አለበት። መርከቡ በማዕበል የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ልኬታው አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ተወስዶ አማካዩ ይያዛል።

እዚህ ላይ «ጥቂት» ያልናትን ነገር እናስላት። ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ ታንክ እንውሰድ። የፈሳሹ ገጽ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሰው በንባቡ ላይ አንዲት ሚሊ ሜትር ቢያሳስት 600 ሊትር ተሳሳተ ማለት ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ቢያሳስት 6,000 ሊትር ነው። እንዲህ ዓይነት ታንክ አሥር ቢሆን ደግሞ 60,000 ሊትር ይሆናል። የጣት ጥፍር ስፋት የምታህል ልዩነት ብዙ ሺህ ሊትር ነዳጅ ትውጣለች። ሙጠፊፍ የሚለውን ቃል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ሌላም ነገር አለ። መርከብ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ኋላው ጠልቆ ፊቱ ከፍ ሊል ወይም ወደ አንድ ጎን ሊያጋድል ይችላል። ሾርባ የያዘ ሳህን ሲያዘነብሉት በአንዱ ጠርዝ ከፍ በሌላው ዝቅ እንደሚለው ሁሉ በታንክ ውስጥ ያለውም ፈሳሽ እንዲያው ነው። መለኪያው የሚወርድበት ቀዳዳ በአንድ በኩል ስለሆነ ንባቡ እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ መርማሪው መርከቡ ከፊትና ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ምን ያህል ውሃ ውስጥ እንደጠለቀ አንብቦ በሠንጠረዡ ማስተካከያ ያደርጋል። መለኪያው ትክክል ሆኖ ሳለ ለካፊው አቋሙን ካላስተካከለ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል።

ከታች ያለው ምንድን ነው?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አገኙ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣቶቻቸውን እርጥበት አገኛቸው። ባለ እህሉን ቢጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። የሚያጭበረብር ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል።

አድማጮቻችን፤ በዚህ ሐዲስ ውስጥ ያለውን ተግባር ልብ እንበል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የክምሩን ፊት አይተው ብቻ አላለፉም። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ፈሳሽ ጭነት የሚመረምር ሰው የሥራው ዋና ነገር ይኸው ነው። ውሃ ከናፍጣና ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ከላይ ያየ ሰው ሙሉ ታንክ ነዳጅ ነው ብሎ ይመሰክራል። ስለዚህ መርማሪው መለኪያውን እስከ ወለሉ ያወርደዋል። የብረቱ ሜትር ከሆነም ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት ጫፉን ይቀባዋል። የውሃው ከፍታ ይለካል፤ ከጠቅላላው መጠንም ይቀነሳል።

ናሙናም እንዲሁ ከላይ ብቻ አይቀዳም። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይወሰዳል። ጠርሙሶቹ ይታሸጋሉ፣ ይፈረምባቸዋል። አንዱ ለመርከቡ አለቃ፣ አንዱ ለተቀባዩ ይሰጣል፤ አንዱም መርማሪው ዘንድ ለወራት ይቀመጣል። ነገ ክርክር ቢነሳ ጠርሙሱ ይመሰክራል።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በናፍጣ ወይም በላምባ ላይ ጥቂት ቤንዚን ቢቀላቀል ፈሳሹ በቀላሉ የሚቀጣጠል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በናይጄሪያ በቤንዚን የተበከለ ላምባ በየቤቱ ኩራዝና ምድጃ ላይ እየፈነዳ ብዙዎችን አቃጥሏል፤ ሕይወትም ጠፍቷል። ያንን ላምባ የገዛች እናት በዓይኗ ልትለየው አትችልም ነበር። ከእርሷ በፊት ያለው እያንዳንዱ ተረካቢ ናሙና ወስዶ መመርመሩ፣ የታሸገውንም ጠርሙስ ማስቀመጡ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ብክለቱ ቀድሞ ይታወቃል፣ ከየት እንደመጣም ይደረስበታል።

ሙቀትና የጋራ ልክ

ፈሳሽ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለውጥ ከሺህ እጅ 0.8 ያህሉን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በ30,000 ሜትር ኩብ ናፍጣ ላይ ግን አንድ ዲግሪ ብቻ 24,000 ሊትር ያህል ልዩነት ያመጣል። በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ተጭኖ ቀዝቃዛ ሀገር የሚራገፍ ጭነት ማንም ሳይሰርቀው የጎደለ ሊመስል ይችላል።

ለዚህ መፍትሔው የጋራ ልክ መስማማት ነው። መርማሪው የታንኩን ሙቀት ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ለክቶ አማካዩን ይወስዳል። ከዚያም የተለካውን መጠን «ይህ ፈሳሽ በ15 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?» ብሎ በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ይመልሰዋል። ሻጭም ገዢም የሚተሳሰቡት በዚህ ቁጥር ነው።

አቡ ዳውድና ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስፍር በመዲና ሰዎች ስፍር፣ ሚዛን ደግሞ በመካ ሰዎች ሚዛን እንዲሆን ማመልከታቸው ተዘግቧል። በየዓመቱ ዘካተል ፊጥር ስናወጣ «አንድ ሷዕ» የምንለውም የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሷዕ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ቁና ይዞ ቢመጣ ግን የድሆች ሐቅ ይዛባ ነበር። የባሕሩ ሰዎች በ15 ዲግሪ መስማማታቸው በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው። የጋራ ልክ በሌለበት ፍትሕ አይኖርም።

ሁለት ጊዜ መስፈር

መርከቡ ተጭኖ ሲነሳ አንድ ጊዜ፣ ደርሶ ሊያራግፍ ሲል ሌላ ጊዜ ይለካል። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት አንድ ሐዲስ እህል በሻጩ ሷዕና በገዢው ሷዕ ሁለት ጊዜ ሳይሰፈር እንዳይሸጥ ተከልክሏል። በሐዲሱ ሰነድ ላይ ዑለሞች የተናገሩበት ቢሆንም ጥበቡ ግልጽ ነው። የተቀበልኩትንና የሰጠሁትን ለየብቻ ሳላውቅ «አላጎደልኩም» ማለት አልችልም።

በባሕር ንግድ ላይ የሚነጻጸሩት ቁጥሮች ብዙ ናቸው። በጫነው ወደብ ያለው የባሕር ዳር ታንክ «ይህን ያህል ሰጠሁ» ይላል። መርከቡ «ይህን ያህል ተቀበልኩ» ይላል። ደርሶ ሲራገፍም እንዲሁ ነው። ሁለቱ በትክክል እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው። መርከቦች በሠንጠረዣቸው ምክንያት ከእውነቱ ትንሽ አብልጠው ወይም አሳንሰው የማንበብ ጠባይ አላቸው። መርማሪው ያለፉትን ብዙ ጉዞዎች መዝገብ አይቶ የመርከቡን ጠባይ በቁጥር ያወጣዋል። ለመርከቡ የሚገባው ልዩነት የቱ እንደሆነ፣ የሚያጠራጥረው የቱ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው።

ልዩነቱ ከተለመደው ሲያልፍ መርማሪው ወይም የመርከቡ አለቃ የተቃውሞ ደብዳቤ ይጽፋል። ይህ ደብዳቤ ሰውን ሌባ አይልም። «እንዲህ አገኘሁ፣ እንዲህም ተባለ፣ ልዩነቱ ይህ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባለው የጭነት ሰነድ ባለበት ሁሉ ደብዳቤውም ይከተለዋል። ሰውን ሳይወነጅሉ እውነትን መመዝገብ ከምስክርነት ሥነ ሥርዓት ነው። መርከቡ ካራገፈ በኋላም ታንኮቹ እንደገና ይታያሉ። ከሥር የቀረ ነገር ካለ ይለካል።

ምርመራው ሲጎድል

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 በአሜሪካ አንድ ትልቅ የዘይት ቅሌት ወጣ። ቲኖ ዲ አንጀሊስ የሚባል ነጋዴ በኒው ጀርዚ፣ በባዮን ከተማ ባሉ የባሕር ዳር ታንኮች ውስጥ ያለውን የምግብ ዘይት አስይዞ ከባንኮችና ከድርጅቶች ብዙ ገንዘብ ተበድሮ ነበር። ታንኮቹ ሲፈተሹ ግን በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ሆነ። ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ መርማሪዎችን ያታልል ነበር። ታንኮቹ በቧንቧ የተያያዙ ስለነበሩም ያው ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይቆጠር ነበር። ኪሣራው ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ንብረቱን እንዲጠብቁ ከተመደቡት ሠራተኞች ብዙዎቹ የራሱ የነጋዴው ሰዎች የነበሩ መሆናቸው ለማታለያው በር ከፍቷል። ነጋዴው የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እጁን ወደ ክምሩ ውስጥ የሚሰድ ገለልተኛ ሰው ሲጠፋ የሚሆነው ይህ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ በባሕር ላይ የተፈጸመ ነው። ሳሌም የምትባል ግዙፍ መርከብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1979 ከኩዌት ሚና አል-አሕመዲ ወደ 200,000 ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ተነሳች። መድረሻዋ አውሮፓ ነው ተባለ። እርሷ ግን በዘር መድልዎ አገዛዙ ምክንያት የነዳጅ ማዕቀብ ወደተጣለባት ደቡብ አፍሪካ በስውር ጎራ ብላ በደርባን ወደ 180,000 ቶን የሚሆነውን አራገፈች። ታንኮቿንም የባሕር ውሃ ሞልታ ጉዞዋን ቀጠለች። በጥር 17 ቀን 1980 በሴኔጋል አቅራቢያ ሰጠመች፤ ሆን ተብሎ እንደተሰጠመችም በኋላ ተረጋገጠ። የታሰበው ጉድለቱን ባሕር ውስጥ ቀብሮ የመድን ገንዘብ መውሰድ ነበር። ነገር ግን ያን ያህል ነዳጅ የጫነች መርከብ ሰጥማ በባሕሩ ላይ የታየው ዘይት እጅግ ጥቂት ነበር። መርከበኞቹም ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ነበር በሕይወት አድን ጀልባ ላይ የተገኙት። ሰዎች የሸሸጉትን ራሱ ባሕሩ ገለጠው።

የለካፊው ነፍስ

ስለ ንብረቱ ስናወራ ስለ ሰውየው እንዳንረሳ። በመርከብ ታንክ አናት ላይ የሚቆም መርማሪ ከሞት ጋር ጎረቤት ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን የማሽተትን ስሜት ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የተማመነ ሰው ወድቆ ይቀራል። ለዚህ ነው ዛሬ ታንኩን ሳይከፍቱ በሚዘጋ ቧንቧ በኩል መለካት የተስፋፋው። አንዳንድ ጭነቶች ሲፈስሱ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያመነጩ ይችላሉ። በመሆኑም በመከላከያ ጋዝ ያልተሞላ ታንክ ሲሆን ከተጫነ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይጠበቅ ብረት ነክ መለኪያ አይወርድም።

ባዶ ታንክ ውስጥ መግባትም እንዲሁ ነው። አየሩ ሳይለካ፣ በር ላይ ጠባቂ ሳይቆም የሚገባ ሰው አየር ሲያጥረው ይወድቃል። ጓደኛው ሊያድነው ሲሮጥ እርሱም ይወድቃል። በሀገራችን ጉድጓድና የፍሳሽ ታንከር ለማጽዳት በሚገቡ ወጣቶች ላይ ከሚደርሰው አደጋ ጋር አንድ ነው። ራስን ወደ ጥፋት መጣል በሸሪዓችን የተከለከለ ነው። «ቶሎ ጨርስ» የሚል አሠሪም የሠራተኛው ነፍስ ከጭነቱ እንደሚበልጥ ሊያውቅ ይገባዋል።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

አድማጮቻችን፤ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለየቤታችንና ለየሥራችን የሚሆን ነገር እንውሰድ።

በመጀመሪያ፣ በማደያ፣ በዘይት ማከፋፈያ፣ በወተት ሽያጭ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከያንዳንዱ ሊትር ላይ የምትቀነሰዋ ጭላጭ ተሰብስባ የምትመጣበትን ቀን አስቡ። የአንድ ሰው ሐቅ ቢሆን ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል። የማያውቋቸውን ሺህ ገዢዎች ሐቅ የወሰደ ሰው ይቅርታውን ከማን ዘንድ ይፈልጋል?

ሁለተኛ፣ ገዢም ቢሆን ስፍርን መጠየቅ መብቱ ነው። በሥልጡኑ የባሕር ንግድ ውስጥ ማንም «አታምነኝም ወይ?» ብሎ አይቆጣም። መለካት መተማመንን አያፈርስም፤ እንዲያውም ይጠብቀዋል። በወንድማማቾች መካከል ሳይቀር ተሰፍሮ፣ ተጽፎና ተመስክሮ የተሰጠ ነገር ፍቅርን ያቆያል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አል-በቀራ ዕዳን እንድንጽፍ ያዘዘን ለዚሁ ነው።

ሦስተኛ፣ እጅን ወደ ክምሩ ውስጥ መስደድን እንማር። ልጅ ሲዳር፣ ሽርክና ሲገባ፣ ቤት ሲገዛ የላዩን አይቶ መፈረም ብዙ ቤት አፍርሷል። ሻጭም የዕቃውን እርጥብ ጎን ራሱ ከላይ ያድርገው። ነውሩን ተናግሮ የሸጠ ነጋዴ በገንዘቡ በረካ ይኖረዋል።

በመጨረሻም በሌሊት፣ በመርከብ አናት ላይ፣ በነፋስ መካከል ብቻውን ቆሞ ቁጥር የሚጽፍ መርማሪን እናስብ። ሻጩ አያየውም፣ ገዢውም አያየውም። አንዲት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢያደርግ ማንም ላያውቅበት ይችላል። አላህ ግን ያያል። እያንዳንዳችን በየሥራችን እንዲህ ብቻችንን የምንሆንበት ሰዓት አለን። የኢማናችን ልክ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ስፍርን ከሚያሟሉት፣ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ሲሳያችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። በባሕርም በየብስም ለሥራ የወጡ ልጆቻችንን በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።